እርጎው አንጀታችንን እንዴት ይጠብቃል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይቀንሳል)

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ አንጀት ነው። ፕሮባዮቲክ ስለሚባሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች፣ እንዲሁም አንጀታችን ኦክስጅን ከሚያስከትልበት ጉዳት ራሱን እንዲከላከል እንዴት እንደሚያግዙት እናወራለን።

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲና አያት፣ በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ «ፕሮባዮቲክ» የሚል የተጻፈባቸው የካፕሱል ማሸጊያዎች እናያለን። አጠገባቸው ደግሞ «አንቲኦክሲዳንት» የሚሉ እንክብሎች ተደርድረዋል። በዚያው ሰፈር እርጎ በብርጭቆ የሚሸጥ ወተት ቤትም አይጠፋም። ጨጓራው የሚያቃጥለው፣ ሆዱ የሚነፋው ወይም አንቲባዮቲክ ጨርሶ ሆዱ አልረጋ ያለው ሰው እነዚህን ሁሉ ያያል፤ «የትኛው ይሻለኛል?» ብሎም ይጠይቃል።

መልሳችንን ከአሁኑ እንናገር። ጥሩ ባክቴሪያ ዋናው ጥቅሙ የአንጀታችን ሴሎች የራሳቸውን መከላከያ እንዲያሰናዱ ማንቃቱ ነው። ለዚህ ደግሞ ሕያው ሆኖ መድረስ አለበት፣ በቂ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፣ የሚመገበውም ማግኘት አለበት። እነዚህን ሦስት ነገሮች የያዘ ሰው ካፕሱሉንም እርጎውንም በራሱ ሚዛን መመዘን ይችላል። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ ጉዳቱን እንወቀው። የምግብ ዘይት ተከፍቶ ሲከርም ወይም ተደጋግሞ ሲጠበስበት ሽታውና ጣዕሙ ይለወጣል። የአየሩ ኦክስጅን ከቅባቱ ጋር እየተዋሐደ ስለሚያበላሸው ነው። እያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል የተጠቀለለበት ስስ ሽፋንም ከቅባት የተሠራ ስለሆነ ይኸው ኬሚስትሪ በእኛም ውስጥ ይካሄዳል።

ሴሎቻችን ምግብን ከኦክስጅን ጋር አዋሕደው ኃይል ያመነጫሉ። በዚህ ሂደት ጥቂቱ ኦክስጅን በአግባቡ ሳይለወጥ ያመልጣል። ያመለጠው ኦክስጅን ሱፐርኦክሳይድ የሚባል ቁጡ ኬሚካል ይሆናል፤ ከዚያም ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለወጣል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ታውቁታላችሁ፤ ቁስል ሲታጠብበት አረፋ የሚያወጣው ፈሳሽ ነው። ይህ ኬሚካል ከብረት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ፣ ከሁሉም የከፋ ነገር ይወጣዋል። ሃይድሮክሲል ራዲካል ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል፤ የሴሉን ሽፋን፣ ፕሮቲኑን፣ ዲኤንኤውን ሳይቀር።

ይሁን እንጂ ሰውነታችን እነዚህኑ ኬሚካሎች ለመሣሪያነትም ይጠቀምባቸዋል። ነጭ የደም ሴሎች ወራሪ ባክቴሪያ ሲያገኙ የሚረጩበት ይህንኑ ነው። በጥቂት መጠን ሲኖሩም ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩባቸው ምልክቶች ናቸው። ችግር የሚመጣው የሚመነጨው መጠን ሰውነት ማክሸፍ ከሚችለው ሲበልጥ ነው። ሐኪሞች ይህን ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይሉታል፤ እኛ ለዛሬ የኦክስጅን ጫና እንበለው።

አንጀት ለዚህ ጫና ከብዙ የሰውነት ክፍሎች ይበልጥ የተጋለጠ ነው። የምግብ መተላለፊያችን የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ ወደ 30 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ የአንድ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ወለል ያህል ማለት ነው። በአንጀት ውስጥ ይህን ሁሉ ስፋት የሚሸፍነው አንድ ረድፍ ሴል ብቻ ነው። ከወዲያ ምግቡ፣ መድኃኒቱ፣ ያልተመጠጠው ብረትና እልፍ አእላፍ ባክቴሪያ አሉ፤ ከወዲህ ደም አለ። ሴሎቹ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እየረገፉ በአዲስ ይተካሉ። የኦክስጅን ጫና ሲበዛ ሴልን ከሴል ያያያዘው ስፌት ይላላል፤ መግባት የሌለበትም ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

በሽታ አምጪዎችም ይህን ያውቁበታል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች በ2010 ስለ ሳልሞኔላ ያሳተሙት ግኝት ጥሩ ማሳያ ነው። ሳልሞኔላ አንጀትን ሲያስቆጣ ነጭ የደም ሴሎች ተሰብስበው ኦክስጅናዊ መርዛቸውን ይረጫሉ። ይህ መርዝ በአንጀት ውስጥ ያለውን የሰልፈር ውሕድ ቴትራታዮኔት ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። ሳልሞኔላ ደግሞ ቴትራታዮኔትን እንደ አየር ይተነፍስበታል፤ አብዛኞቹ ነባር የአንጀት ባክቴሪያዎች ግን ይህን አይችሉም። እሱን ለማጥፋት የተረጨው እሱኑ አፋፋው ማለት ነው።

በከተማችን የብዙ ሰው ጭንቀት የሆነው የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ሔሊኮባክተር ፓይሎሪም ከዚሁ ታሪክ አይርቅም። በጨጓራ ግድግዳ ላይ ለዓመታት ተቀምጦ ግድግዳውን እያስቆጣ ይኖራል። ነጭ የደም ሴሎች ሳያቋርጡ ይረጩበታል፤ በመሀል የሚጎዳው ግን የራሳችን ሥጋ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

«ታዲያ አንቲኦክሲዳንት እንክብል ውጦ ጫናውን ማጥፋት አይቻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፤ ተሞክሯልም። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶችን ያሳተፈ ትልቅ ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ በ1994 ታተመ። ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት ለዓመታት የወሰዱት ሰዎች በሳንባ ካንሰር የመያዝ መጠናቸው ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይጠብቃል የተባለው ጎዳ። ከዚያ ወዲህ ሳይንሱ ጠንቃቃ ሆኗል። ሰውነት የኦክስጅን ኬሚካሎችን ለመሣሪያነትና ለመልእክት ስለሚፈልጋቸው፣ ከውጭ በጅምላ እናጥፋቸው ማለት አያዋጣም። የሚሻለው ሰውነት ራሱ በሚፈለገው ቦታና መጠን የሚያሰናዳቸውን መከላከያዎች ማገዝ ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው።

የሚያግዙበት መንገድ ብዙ ነው፤ ዛሬ ሦስቱን እንይ።

የመጀመሪያው የባክቴሪያዎቹ የራሳቸው ጥበብ ነው። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲው ኢርዊን ፍሪዶቪች ከተማሪው ከጆ ማኮርድ ጋር ሱፐርኦክሳይድን የሚያከሽፈውን ኢንዛይም በ1969 ያገኘ ሳይንቲስት ነው። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ ፍሪዶቪችና ፍሬድሪክ አርቺባልድ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የተባለውን ባክቴሪያ መረመሩ። ባክቴሪያው ኢንዛይሙ የለውም፤ ነገር ግን በኦክስጅን መካከል ተመችቶት ይኖራል። ምስጢሩ ማንጋኒዝ ሆኖ ተገኘ። ይህ ባክቴሪያ ማንጋኒዝ የተባለውን ማዕድን ሌሎች ፍጥረታት ከሚይዙት በብዙ እጥፍ አከማችቶ በኢንዛይሙ ፋንታ ይገለገልበታል። ብረት ሳያገኝም መኖር ይችላል። ቅድም እንዳልነው ብረት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ክፉውን ራዲካል ይወልዳል፤ ያለ ብረት መኖር የቻለ ፍጥረት ከዚህ ጣጣ በእጅጉ ይድናል። እዚህ ላይ ነፍሰ ጡር እናቶች እንዳትሳሳቱ አደራ፤ ሐኪም ያዘዘላችሁን የብረት እንክብል ውሰዱ፤ የምናወራው ስለ ባክቴሪያው ነው።

ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የሩቅ አገር እንግዳ አይደለም። የጉራጌና የሲዳማ እናቶች ቆጮ ሲቀብሩ ጉድጓዱ ውስጥ ከሚሠሩት ባክቴሪያዎች አንዱ ነው። በጤፍ ሊጥም ውስጥ ይገኛል።

ሁለተኛው መንገድ ማንቃት ነው። በአንጀታችን ሴል ውስጥ ኤንአርኤፍ-2 የሚባል ፕሮቲን አለ። በደህናው ጊዜ ሌላ ፕሮቲን ይዞት ይቆያል፤ ሥራ የለውም። ጥቂት የኦክስጅን ኬሚካል ሲመጣ ያዡ ይለቀዋል። ያን ጊዜ ኤንአርኤፍ-2 ወደ ሴሉ እምብርት ገብቶ መርዝ የሚያከሽፉ ኢንዛይሞች የተጻፉባቸውን ዘረመሎች ያስነሳል። በአትላንታ የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት ላክቶባሲለሶች በዝንብና በአይጥ አንጀት ውስጥ ይህንኑ መከላከያ እንደሚያስነሱ አሳይተዋል። የሚገርመው ነገር የሚያስነሱት በመጠኑ ጫና በመፍጠር ነው። ባክቴሪያው ሲጠጋ ሴሉ ጥቂት የኦክስጅን ኬሚካል ያመነጫል፤ ያችው ጥቂት ኬሚካል ማንቂያ ትሆነዋለች። ከባድ ጉዳት ሲመጣ ሴሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ሦስተኛው መንገድ ኦክስጅኑን ከሥሩ መቀነስ ነው። በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ነባር ባክቴሪያዎች እኛ ያልፈጨነውን የእህልና የጥራጥሬ አሰር አብላልተው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሠራሉ። የትልቁ አንጀት ሴሎች ዋና ምግብ ይህ ነው። ሴሎቹ ቡቲሬትን ሲያቃጥሉ ኦክስጅን ይጨርሳሉ፤ ስለዚህ ወደ አንጀቱ ክፍት ቦታ የሚያመልጥ ኦክስጅን አይኖርም። አንቲባዮቲክ ቡቲሬት ሠሪዎቹን ሲገድላቸው ግን ሴሎቹ ምግባቸውን ያጣሉ፤ ኦክስጅን ወደ ውስጥ ይፈስሳል፤ ኦክስጅን የሚወዱት እነ ሳልሞኔላና የኢ. ኮላይ ዘመዶችም ይፈላሉ። ይህም በ2017 በዚያው በዴቪስ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ የታየ ነው።

ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ግኝቶች አብዛኞቹ የተገኙት በቤተ ሙከራ፣ በዝንብና በአይጥ ነው። መንገዱን ያሳዩናል። አንድ የተወሰነ እርጎ ወይም ካፕሱል የአንድን ሰው በሽታ ይፈውሳል ለማለት ግን አያበቁም።

(ሙዚቃ፤ ይቀንሳል)

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ምሥራቅ የወተት ታሪክ ያለው አካባቢ ነው። በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና መልሶ ማቋቋም ድርጅት ለኢትዮጵያ 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ሰጠ፤ የዘመናዊ ወተት ልማታችን መነሻም ይኸው ነው። በ1960 ደግሞ ዩኒሴፍ ያኔ የከተማዋ ዳርቻ በነበረችው ሾላ የወተት ማቀነባበሪያ አቋቋመ። ዛሬ ሾላ የከተማ መሀል ሆናለች፤ ስሟ ግን በወተቱ ከረጢት ላይ አለ። ከጉርድ ሾላ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ በ1974 የተቋቋመው የአፍሪካ የእንስሳት እርባታ ማዕከል ነበር፤ በ1994 ከናይሮቢው አቻው ጋር ተዋሕዶ የዛሬው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ሆነ። ማዕከሉ በ1988 ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ወተት አያያዝ መመሪያ መጽሐፍ አሳትሟል፤ እናቶቻችን እንዴት እንደሚያረጉ፣ እንደሚንጡና አይብ እንደሚያወጡ በቁጥርና በሙቀት መጠን ተለክቶ የተጻፈበት ነው።

እርጎ ሲረጋ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንየው። ወይራ የታጠነ ቅል ወይም ማሰሮ ውስጥ ጥሬ ወተት ተደረገ እንበል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከላሚቱ ጡት፣ ከአላቢው እጅና ከዕቃው የመጡ ጥሩም መጥፎም ባክቴሪያዎች አብረው ይራባሉ። ወተቱ ገና አልኮመጠጠም፤ ፒኤች በሚባለው የአሲድ መለኪያ 6.6 አካባቢ ነው። ቀስ በቀስ ላክቶኮከስ፣ ሉኮኖስቶክና ላክቶባሲለስ የተባሉት አሲድ ሠሪዎች የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣሉ። መለኪያው ወደ 4.6 ሲወርድ የወተቱ ፕሮቲን ይያያዛል፤ ወተቱም ረጋ እንላለን። በአዲስ አበባ ብርድ ያለ እርሾ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይወስዳል። አሲዱ እየበረታ ሲሄድ ብዙዎቹ መጥፎዎች ይዳከማሉ፤ አሲድ የሚወዱት ይቀራሉ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ እርጎን፣ አይብን፣ ቦርዴን፣ አዋዜን፣ ስልጆንና ሌሎችንም የአገራችንን ኮምጣጣ ምግቦች ለረጅም ዓመታት መርምረዋል፤ በ2006ም ሰፊ የጥናት ቅኝት አሳትመዋል። የእሳቸውና የባልደረቦቻቸው ሥራ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ የወይራው ጭስ ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ የባክቴሪያዎችን መራባት ያዘገያል። ሁለተኛ፣ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ወተቱ ውስጥ አስቀድሞ ከገባ አሲዱ እስኪበረታ ድረስ ሊራባ ይችላል። «ረግቷልና ንጹሕ ነው» የሚለው ነገር የማያስተማምነው ለዚህ ነው።

ታዲያ የእርጎ ባክቴሪያ ሁሉ ፕሮባዮቲክ ነው? አይደለም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጠሯቸው ባለሙያዎች በ2001 ባስቀመጡት መስፈርት፣ ፕሮባዮቲክ የሚባለው በሕይወት ያለ፣ በበቂ መጠን የተወሰደና ለጤና መጥቀሙ የታየ ረቂቅ ፍጥረት ነው። ባክቴሪያው ከሁሉ አስቀድሞ የጨጓራን አሲድ ማለፍ አለበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባዮቴክኖሎጂ ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ሥራ ከእርጎ፣ ከቆጮና ከጤፍ ሊጥ 90 የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን ለይተው ፈተኑ። እንደ ጨጓራ ያለውን ብርቱ አሲድ በደንብ ተቋቁመው ለቀጣዩ ፈተና የበቁት 4 ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ የተመረጡት ባክቴሪያዎች አይጦችን ከሳልሞኔላ ይጠብቁ እንደሆነ ፈትነው ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳትመዋል። ሀብቱ በቤታችን አለ፤ ግን መመረጥና መፈተን ይፈልጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ አሁን የምንበላውን አንድ በአንድ እንመርምር። ከኮመጠጠ ምግብ የትኛው ነው ሕያው ባክቴሪያ ይዞ ሆዳችን የሚደርሰው?

እንጀራ ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን ቢቦካም ምጣድ ላይ ሲወጣ ባክቴሪያዎቹ ያልቃሉ። እንጀራን አትናቁት ታዲያ፤ ቡኮው በጤፉ ውስጥ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ስለሚቀንሰው ብረቱ የተሻለ ይመጠጣል። ሳይመጠጥ ወደ ታች የሚወርደው ብረትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቆጮም ሲጋገር እንደዚሁ ነው። አይብ የሚወጣው አሬራው በእሳት ሞቆ ስለሆነ ከእርጎው ጋር ሲነጻጸር ሕያው ባክቴሪያው ያነሰ ነው። በሕይወት ያሉትን የምናገኘው በእርጎና ባልሞቀ አሬራ ነው። በጾም ወራት ደግሞ ስልጆ አለ። ከሱፍና ከባቄላ ዱቄት ተሠርቶ ሰናፍጭ ገብቶበት የሚኮመጥጠው ስልጆ ዱቄቱ አስቀድሞ ቢበስልም፣ የሚኮመጥጠው ከቀዘቀዘ በኋላ ስለሆነ ባክቴሪያው ሕያው ነው። ጾመኛው የእርጎ ወራት እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።

ባክቴሪያ ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል። ቡቲሬት የሚሠራው ከአሰር ነው ብለናል። ሽሮ፣ ምስር፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ጎመን፣ የገብስ ገንፎ፤ እነዚህ ናቸው ቀለቡ። ቦሌ አካባቢ በበርገርና በተጠበሰ ድንች የሚውል ወጣት ማታ ላይ ውድ ካፕሱል ቢውጥ፣ ባክቴሪያውን አምጥቶ ቀለብ ከልክሎታል ማለት ነው።

አንቲባዮቲክም በጥንቃቄ ይያዝ። ጉንፋን በያዘን ቁጥር አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ መግዛት፣ ቅድም የነገርናችሁን ኦክስጅን የማፍሰስ ጣጣ በገንዘባችን መግዛት ነው። ሐኪም ካዘዘው ግን እስከ መጨረሻው ይወሰድ። የጨጓራ ባክቴሪያ ሕክምና ብዙውን ጊዜ 14 ቀን የሚፈጅና ከአንድ በላይ አንቲባዮቲክ ያለው ነው። በዚህ ሕክምና ላይ አንዳንድ ፕሮባዮቲኮች ተቅማጡንና ማቅለሽለሹን እንደሚቀንሱ የአውሮፓ ባለሙያዎች መመሪያ ይቀበላል፤ ባክቴሪያውን ብቻቸውን ያጠፋሉ ግን አይልም። ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ የምትወስዱ ከሆነ ከአንቲባዮቲኩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት አራርቃችሁ ውሰዱ፤ አለዚያ የገባው ባክቴሪያ ወዲያው ይገደላል።

ሕፃን ሲያስቀምጠው የሚቀድመው ኦአርኤስና ዚንክ ነው፤ በምንም አይተካም። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡት ብቻ፤ እርጎ አይሰጥም።

አሁን ስለ ወተቱ ንጽሕና። ከሰንዳፋ፣ ከለገ ጣፎና በአያት፣ በሰሚትና በጎሮ ዙሪያ ከሚገኙ ላም አርቢዎች ጥሬ ወተት የሚገዛ ቤተሰብ ብዙ ነው። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ስለሚችል መፍላት አለበት። መፍላት የማያጠፋው ነገር ደግሞ አለ። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ባለሙያዎች የተሳተፉበትና በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሯል። በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረት ከፈቀደው በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያልበለጡት 9 ብቻ ነበሩ። መርዙ ወደ ላሟ የሚገባው ከሻገተ መኖ ነው፤ በጥናቱም የኑግ ፋጉሎ በተለይ ተጠቅሷል። ይህ መርዝ በጉበት ላይ የኦክስጅን ጫና ከሚፈጥሩት አንዱ ነው። ወተት አምራች አድማጮቻችን፣ ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ የሻገተውን ለላም አትስጡ። እርጎው የሚጀምረው ከበረታችሁ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ውስጥ ጥሩ እርጎ እንዴት እናርጋ? እስክሪብቶና ወረቀት ያላችሁ ጻፉት።

ወተቱ ጥሬ ከሆነ በደንብ ይፍላ። የፋብሪካ ወተት ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሲሞቅ ነባር አሲድ ሠሪዎቹ ስላለቁበት ዝም ብሎ ቢቀመጥ ጥሩ እርጎ አይወጣውም፤ ይልቁንም ይመራል ወይም ይበላሻል። ሁለቱም ወተቶች እርሾ ይፈልጋሉ። የፈላው ወተት ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ፤ በእጅ አንጓ ላይ ጠብ ሲደረግ የማያቃጥል መሆን አለበት። ሙቅ እያለ እርሾ ከተጨመረ ባክቴሪያው ይሞታል። ለአንድ ሊትር ወተት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ትኩስ፣ ስኳር ያልገባበት እርጎ ጨምሩና አማስሉ። ዕቃው በሳሙና የታጠበና በፈላ ውኃ የተለቀለቀ ይሁን። ወይራ የምታጥኑ ከሆነ እርጎው ትንሽ ዘግይቶ ቢረጋ አትደነቁ። ክዳኑን ከድናችሁ ከብርድ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። እንደ አየሩ ሁኔታ ከአንድ ሌሊት እስከ አንድ ቀን ሙሉ ይወስዳል። ሲረጋ ፍሪጅ ይግባና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላ። አረፋ የሞላበት፣ የሚዝለገለግ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያሳየ፣ ሽታው የተለወጠ እርጎ ይደፋ፤ ከእሱም እርሾ አይወሰድ።

ካፕሱል የምትገዙ ደግሞ ማሸጊያውን አንብቡ። የባክቴሪያው ስም እስከ ዝርያ መለያው ድረስ መጻፍ አለበት፤ «ላክቶባሲለስ» ብቻ የሚል አይበቃም። ከ2020 ወዲህ ሳይንቲስቶች የቀድሞውን ላክቶባሲለስ በ25 ወገን ስለከፈሉት «ላክቲፕላንቲባሲለስ ፕላንታረም» የሚል ብታዩ የምናውቀው ባክቴሪያ መሆኑን እወቁ። የተጻፈው የሕያው ባክቴሪያ ቁጥር ሲመረት የነበረው ነው ወይስ መጠቀሚያ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ የሚቆየው? በቅዝቃዜ ይቀመጥ የሚል ከሆነ ፋርማሲው በፍሪጅ ነው የያዘው ወይስ ፀሐይ በሚያገኘው መስታወት ሥር? ባለሙያውን ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ የሰውነት መከላከያው በጣም የተዳከመ፣ በደም ሥሩ ቱቦ የገባለት ሰው፣ እንዲሁም ያለ ወሩ የተወለደ ሕፃን ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ ፕሮባዮቲክ አይሰጠው፤ ለእነሱ ሕያው ባክቴሪያ ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። ደም የተቀላቀለ ሰገራ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ የሆድ ሕመም ያለበትም ሰው ከእርጎውም ከካፕሱሉም አስቀድሞ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ የዛሬውን በአጭሩ እንሰብስበው። የኦክስጅን ጫና እንክብል ውጠን የምናጠፋው ጠላት አይደለም። አንጀታችን በየቀኑ የሚቋቋምበት የራሱ መከላከያ አለው፤ ጥሩ ባክቴሪያ ያንን ያነቃል፤ አሰር ባክቴሪያውን ያበላል፤ አላስፈላጊ አንቲባዮቲክ ግን ያፈርሰዋል። ጤነኛ ለሆነ ሰው ከፈላ ወተት በንጹሕ ዕቃ የረጋ እርጎ፣ በጾምም ስልጆ፣ ከጥራጥሬና ከጎመን ጋር ሲሆን በአነስተኛ ወጪ ጥሩ ጅምር ነው። ለተለየ ሕመም ግን ምርጫው ከሐኪም ጋር የሚደረግ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ብረት እጥረትና ስለ ጤፍ ይዘን እንቀርባለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)